ስለ ዚልበርማን ቤተሰብና ስለ ሠሯቸው ኦርጋኖች

ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚመጣ ምእመን በጽዮን ተራራ ላይ ባለው በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ማኅበር ገዳም ወይም በአሮጌው ከተማ ውስጥ ባለው በሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በጸሎት ሰዓት ሲያልፍ፥ ከውስጥ የሚወጣውን የኦርጋን ድምፅ ይሰማ ይሆናል። በከበሮና በጸናጽል፥ በመቋሚያም ለምናመሰግን ለእኛ ይህ ድምፅ እንግዳ ነው። ከተማሪዎቻችንም አንዳንዶቹ ይህ መሣሪያ ምን እንደ ሆነ፥ ማንስ እንደ ሠራው ይጠይቃሉ። ስለ ኦርጋን በጠቅላላው መጻፍ ማብቂያ የሌለው ነገር ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ በኖረ ሙያቸው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ስለ ሆኑት ስለ አንድ ቤት ሰዎች እንናገራለን፤ እነርሱም ዚልበርማኖች ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

አስቀድሞ ግን የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ኦርጋን በአጭር ቃል ሲነገር አንድ ሰው ብቻውን የሚያዝበት የብዙ እምቢልታ ጉባኤ ነው። በአገራችን እምቢልታ ነፊዎች ሦስት ሆነው ሲቆሙ፥ እያንዳንዱ የሚያሰማው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚፈጸመው አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለው ነው። በኦርጋንም እያንዳንዱ ቧንቧ ከአንድ ድምፅ በቀር አያውቅም። ስለዚህ ብዙ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ብዙ ቧንቧ መሥራት ግድ ይሆንበታል።

ነፋሱ የሚመጣው ብረት ሠሪ ፍሙን ከሚያናፋበት ወናፍ ጋር ከሚመሳሰል፥ በመጠን ግን ከዚያ እጅግ ከሚበልጥ ወናፍ ነው። በቀድሞ ዘመን ወናፉን በእግራቸው እየረገጡ የሚያናፉ ሰዎች ከኦርጋኑ በስተኋላ ይቆሙ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ሞተር ተተክቶላቸዋል። ነፋሱ በእንጨት ቦይ ተመርቶ ቧንቧዎቹ በተተከሉበት ሣጥን ውስጥ ይጠራቀማል። ተጫዋቹ በጣቱ ወይም በእግሩ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች እየተሳሳቡ በሣጥኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክዳን ይከፍታሉ፤ ነፋሱም ወደ ቧንቧው ይገባል። በተጫዋቹ ግራና ቀኝ ያሉት መሳቢያዎች ደግሞ የትኛው የቧንቧ ረድፍ እንዲናገር፥ የትኛው ዝም እንዲል ይወስናሉ። አንዱ ረድፍ እንደ ዋሽንት ለስላሳ ነው፤ ሌላው ከሥሩ የምትንቀጠቀጥ የናስ ምላስ ስላለችው እንደ መለከት ያስገመግማል።

የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስነው የቧንቧው ቁመት ነው። ሁለት ሜትር ከአርባ ሳንቲሜትር ያህል ቁመት ያለው ቧንቧ ወፍራም ድምፅ ሲሰጥ፥ የዚያ ግማሽ የሆነው ያንኑ ድምፅ በስምንተኛው እርከን ከፍ አድርጎ ይሰጣል። ቧንቧዎቹ ከእንጨት ወይም ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅልቅል ይሠራሉ። ቆርቆሮ ስንል ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሳይሆን በዚሁ ስም የሚጠራውን ነጭና ለስላሳ ማዕድን ማለታችን ነው። ይህ ማዕድን ተቀልጦ በጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል፤ ሲረጋ ይፋቃል፥ ይጠቀለላል፥ ይበየዳል። ከዚህ በኋላ ሠሪው የእያንዳንዱን ቧንቧ አፍ በስለት ጥቂት በጥቂት እየከፈተ፥ በጆሮው እየመረመረ ያናግረዋል። የሠሪዎች ችሎታ የሚለየው በዚህ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ የቀረውን ማንኛውም ብልህ አናጢ ሊማረው ይችላል።

ማዕድኑ ካልነኩት ዕድሜው ረጅም ነው። ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም፤ በ1906 ፍራንሲስካውያን በቤተ ልሔም ለእንግዳ ማረፊያ መሠረት ሲያስቈፍሩ 222 የኦርጋን ቧንቧዎች ከደወሎች ጋር ተቀብረው አገኙ። የመስቀል ጦረኞች ዘመን ዕቃዎች መሆናቸው ይታመናል። በ2025 ከነዚህ ቧንቧዎች አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም ነፋስ ሲገባባቸው ድምፅ ሰጡ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ቤተሰብ እንመለስ። ሚካኤል ዚልበርማን የተባለ አናጢ በጀርመን አገር፥ በሳክሶኒያ ግዛት፥ በፍራውንሽታይን አጠገብ ባለች ክላይንቦብሪች በምትባል መንደር ይኖር ነበር። ከልጆቹ ሁለቱ አንድሬያስና ጎትፍሪድ ይባላሉ፤ የመጀመሪያው በ1678፥ ሁለተኛው በ1683 ተወለዱ። አንድሬያስ ሙያ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተጕዞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ በስትራስቡርግ ተቀመጠ። ይህች ከተማ በአልዛስ አገር የምትገኝ፥ ነዋሪዎቿ ጀርመንኛ የሚናገሩ፥ ነገር ግን ከ1681 ጀምሮ ለፈረንሳይ ንጉሥ የተገዛች ነበረች። አንድሬያስ በዚያ ሥራ ከጀመረ በኋላ ገና እንደሚቀረው ተረድቶ፥ ከ1704 እስከ 1706 በፓሪስ ፍራንስዋ ቲዬሪ ከተባለው ኦርጋን ሠሪ ዘንድ ተማረ። በዚህም ምክንያት ሁለት ትምህርት በአንድ እጅ ተገናኘ፤ የሳክሶኒያ ሠሪዎች ጽኑ አናጢነትና የፈረንሳዮች የመለከት ረድፍ። ታናሽ ወንድሙ ጎትፍሪድም ወደ ስትራስቡርግ መጥቶ ከእርሱ ተማረ።

አንድሬያስ ከሉተራውያን ወገን ሆኖ ሳለ ካሠሩት ሰዎች መካከል ትልቁን ስፍራ የያዙት የካቶሊክ ገዳማት ናቸው። ከአልዛስ ጥንታውያን ገዳማት አንዱ በሆነው በማርሙቲዬ በ1710 ኦርጋን አቆመ፤ በ1716 የስትራስቡርግን ካቴድራል፥ በ1723 የአልቶርፍን ገዳም፥ ከ1730 ጀምሮ የኤበርስሙንስተርን ገዳም ኦርጋኖች ሠራ። የሃይማኖት ልዩነት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከአንድ ትውልድ በፊት ሰዎች ስለዚሁ ነገር አገር ለቀው ይሰደዱ ነበር። የማርሙቲዬ መነኮሳት ግን ለቤተ መቅደሳቸው የሚሆነውን ዕቃ ለእርሱ አደራ ሰጡት። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ የሆነው መነኮሳቱ ልዩነቱን ስለ ናቁት አይደለም፤ የሠሪው ቃልና ሥራ አንድ መሆኑን ስላዩ ነው እንጂ።

በዚያን ጊዜ የኦርጋን ሥራ በውል ይታሰር ነበር። ውሉ እያንዳንዱን ረድፍ በስሙ ይጠራል፤ ከምን ማዕድን ወይም ከምን እንጨት እንደሚሠራ፥ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ፥ ዋጋው በስንት ጊዜ ተከፋፍሎ እንደሚሰጥ ይወስናል። ሥራው ሲፈጸም ከሌላ ከተማ የተጠሩ ዐዋቂዎች መጥተው ቧንቧውን ከውሉ ጋር እያስተያዩ፥ ወናፉን እየፈተኑ ይመረምራሉ። የማይታየው ክፍል፥ ይኸውም ከፊት ያጌጡት ቧንቧዎች የሚሸፍኑት፥ ከሚታየው እጅግ ይበዛልና ማታለል ለሚፈልግ ሠሪ ቦታው ሰፊ ነው። ከፊት ጥሩ ቆርቆሮ፥ ከኋላ ርካሽ እርሳስ ያቆመ ሠሪ ብዙ ነበረ።

ጎትፍሪድ በ1710 ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። የመጀመሪያውን ኦርጋን ለፍራውንሽታይን ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ከወጪው በቀር ለድካሙ ዋጋ አልጠየቀም። በ1711 በፍራይበርግ ከተማ ተቀመጠና ለዚያው ካቴድራል እስከ 1714 ድረስ ታላቁን ኦርጋን ሠራ፤ 44 ረድፍ፥ ከ2500 በላይ ቧንቧ፥ በላይ በላያቸው የተደረደሩ ሦስት የጣት ቁልፎች ሰሌዳና ለእግር አንድ ሰሌዳ ያለው ነው። በላይፕሲግ የቅዱስ ቶማስ የመዘምራን አለቃ የነበረው ዮሐን ኩናው መጥቶ ከመረመሩት አንዱ ነበረ። ይህ ኦርጋን ዛሬም በዚያው ቦታ ቆሞ ይሰማል። ዚልበርማን የሚለው ስም በጀርመንኛ «የብር ሰው» እንደ ማለት ነው፤ ፍራይበርግም የብር ማዕድን የሚቈፈርባት ከተማ ነበረች፤ ሰዎችም የጎትፍሪድን ኦርጋኖች ድምፅ «የብር ድምፅ» ይሉታል። ይህን ሰምቶ ቧንቧዎቹ ከብር የተሠሩ የሚመስለው ተማሪ እንዳይኖር እንናገራለን፤ ብር በውስጣቸው የለም።

የሳክሶኒያ ገዢና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው አውግስጦስ በ1723 የቤተ መንግሥት ኦርጋን ሠሪ የሚል ማዕርግ ለጎትፍሪድ ሰጠው። በዕድሜው 50 ያህል ኦርጋኖች ሠርቷል፤ ከነዚህም 30 ያህሉ እስከ ዛሬ አሉ። አብዛኞቹ በትናንሽ ከተሞችና በመንደር አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙ ናቸው። ሚስት አላገባም፤ በሥራው ግትር፥ በዋጋውም የማይደራደር ሰው እንደ ነበረ ይነገራል። ግትርነቱ በተለይ በቅኝት ላይ ይታያል። ክራር የሚመታ ሰው ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሄድ ጅማቱን ያጠብቃል ወይም ያላላል፤ ኦርጋን ግን በሺህ የሚቈጠር ቧንቧ ስላለው አንዴ ከተቃኘ እንደ ተቃኘ ይኖራል። ስለዚህ ሠሪው መምረጥ አለበት፤ ወይ ሁሉም ዜማ ጥቂት ጥቂት እንዲጐድል ያደርጋል፥ ወይ የተወሰኑት ንጹሕ ሆነው የቀሩት እንዲጐረብጡ ይተዋል። ጎትፍሪድ ወደ ሁለተኛው፥ ወደ ቀድሞው ልማድ ያደላ ነበር፤ በሁሉም ዘንድ መዘዋወር የሚወደው ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ግን በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር አይስማማም ነበር። ሆኖም በ1736 ጎትፍሪድ ለድሬስደን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፥ በጀርመንኛ ፍራውንኪርኸ ለምትባለው፥ የሠራውን አዲስ ኦርጋን ባኽ በታኅሣሥ 1 ቀን መጥቶ ተጫወተበት።

በሁለቱ መካከል ሌላም ነገር ነበረ። ክሪስቶፎሪ የተባለ ኢጣልያዊ ሠሪ በፍሎረንስ በመዶሻ የሚመታ የአውታር መሣሪያ፥ ይኸውም ዛሬ ፒያኖ የምንለውን፥ ፈልስፎ ነበር። ጎትፍሪድ ይህንኑ ሠርቶ ለባኽ ቢያሳየው ባኽ ድምፁን አመሰገነ፤ ነገር ግን ቀጭኑ ድምፅ ደካማ፥ ቁልፉም ለጣት ከባድ ነው አለው። የባኽ ደቀ መዝሙር የነበረው አግሪኮላ እንደ ተረከው፥ ጎትፍሪድ በዚህ ነገር እጅግ አዘነ፤ ጉድለቱን ግን አልካደም። ለብዙ ዓመት ሲያሻሽለው ቈይቶ እንደገና ባሳየው ጊዜ ባኽ ያለ ነቀፋ ተቀበለው። የፕሩስያ ንጉሥ ፍሬድሪክ ከነዚህ ፒያኖዎች ገዝቶ ነበርና፥ ባኽ በ1747 ወደ ፖትስዳም በተጠራ ጊዜ በንጉሡ ፊት ተጫወተባቸው።

በስትራስቡርግ ደግሞ አንድሬያስ በ1734 ሲሞት የበኵር ልጁ ዮሐን አንድሬያስ ሥራውን ወረሰ። ይህ ሰው በ1712 ተወልዶ በ1783 የሞተ ሲሆን ከ50 በላይ ኦርጋኖች ሠርቷል። እኔ ከቤተሰቡ ሁሉ ይህን ሰው አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም ሙያውን በእጁ ብቻ ሳይሆን በብዕሩም ጠብቆታል። ያየውን ኦርጋን ሁሉ፥ የራሱንም የሌላውንም፥ ማን እንደ ሠራው፥ ስንት ረድፍ እንዳለው፥ በስንት እንደ ተሠራ፥ የት ላይ ጉድለት እንዳለበት በማስታወሻ ይጽፍ ነበር። በ1741 ወደ ሳክሶኒያ ተጕዞ የአጎቱን ሥራ ተመልክቶ ጽፏል። እነዚህ ጽሑፎች ዛሬ ታትመው ይገኛሉ፤ የዚያን ዘመን የኦርጋን ታሪክ የሚመረምር ሰው ሁሉ ከእነርሱ ሊያልፍ አይችልም።

ከዮሐን አንድሬያስ ወንድሞች አንዱ ዮሐን ዳንኤል ወደ አጎቱ ወደ ጎትፍሪድ ሄዶ የሳክሶኒያውን ሥራ ወረሰ፤ ሌላው ዮሐን ሃይንሪኽ በስትራስቡርግ ፒያኖ በመሥራት ታወቀ። የዮሐን አንድሬያስ ልጅ ዮሐን ዮስያስ ግን አባቱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1786 ገና በወጣትነቱ ሞተ። የቤተሰቡ የኦርጋን ሥራም በእርሱ ተቋረጠ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ቀረ የሚለው ጥያቄ ለእኛ ለገዳም ተማሪዎች የሚጠቅም ይመስለኛል። ሠሪዎቹ ከሞቱ በኋላ ኦርጋኖቹን ያጠፋቸውም ያዳናቸውም ነገር ሰው ከሚገምተው የተለየ ነውና።

የፈረንሳይ አብዮት በ1789 በተነሣ ጊዜ ገዳማቱ ተዘጉ፤ መነኮሳቱም ተበተኑ። ማርሙቲዬና ኤበርስሙንስተር የገዳም ስማቸው ቀርቶ የመንደር አጥቢያዎች ሆኑ። በስዊስ አገር በአርለስሃይም ለነበሩት የካቴድራል ካህናት ዮሐን አንድሬያስ በ1761 ታላቅ ኦርጋን ሠርቶላቸው ነበር፤ እነርሱም በአብዮቱ ዘመን ተሰደው ካቴድራሉ የመንደር ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የመንደር ሰዎች ደግሞ ገንዘብ የላቸውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ፋሽን ተለውጦ ሀብታሞቹ ከተሞች አሮጌውን ኦርጋን እያፈረሱ በትልልቅ ፋብሪካ የተሠራውን ሲተክሉ፥ እነዚህ ድኾች አጥቢያዎች ያላቸውን ይዘው ቈዩ። የሰበረውን መጠገን እንኳ ብዙ ጊዜ አቃታቸው። የማርሙቲዬና የኤበርስሙንስተር ኦርጋኖች ዛሬ ከአንድሬያስ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ተጠብቀው የሚገኙት፥ የአርለስሃይምም ኦርጋን በዓለም የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የሀብታሞቹን ዕጣ ደግሞ እንይ። አንድሬያስ ለስትራስቡርግ ካቴድራል የሠራው ኦርጋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአዲስ ተተካ፤ ከእርሱ ዘመን በፊት የነበረው ያጌጠ የእንጨት ቤቱ ብቻ ቀረ። ዮሐን አንድሬያስ በ1749 ለስትራስቡርግ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን የሠራው፥ ሞዛርት በ1778 የተጫወተበት ኦርጋን፥ በ1870 ከተማዋ በመድፍ በተደበደበች ጊዜ ተቃጠለ። በጥቁር ደን ውስጥ የሚገኘው የቅዱስ ብላስዮስ ገዳም አበምኔት ማርቲን ጌርበርት ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ታላላቅ መጻሕፍት የጻፈ ሊቅ ነበረ፤ ገዳሙ በ1768 ተቃጥሎ እንደገና ሲሠራ ዮሐን አንድሬያስን ጠርቶ በ1775 የተፈጸመውን ኦርጋን አሠራ። ገዳሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በመንግሥት ሲወረስ ኦርጋኑ ተነቅሎ ወደ ካርልስሩኸ ከተማ ተወሰደ፤ በዚያም በ1944 በአየር ድብደባ ጠፋ። በተራራ መካከል ተረስቶ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ዛሬ ይሰማ ነበር።

ይህን ስል ድህነትን ማመስገኔ አይደለም። የመንደሩ ሰው ኦርጋኑን ያልነካው ዋጋውን ዐውቆ ሳይሆን የሚያሳድስበት ስላልነበረው ነው። ነገር ግን ከእኛ መካከል ነገ የደብር ወይም የገዳም አስተዳዳሪ ሆኖ፥ በአንድ እጁ የአሮጌ ሥዕል ግድግዳ፥ በሌላው እጁ የበጎ አድራጊ ምእመን ገንዘብ የሚይዝ አይጠፋም። ማሳደስና ማጥፋት በአንድ ቀን፥ በአንድ ቡራኬ ሲፈጸሙ የታዩበት ቦታ በየአገሩ ብዙ ነው።

ዐውቆ የጠበቀም ሰው ነበረ። በአልዛስ የተወለደው አልበርት ሽቫይትሰር በስትራስቡርግ የነገረ መለኮት መምህርና የኦርጋን ተጫዋች ነበረ፤ በኋላም ሕክምና ተምሮ በ1913 ወደ አፍሪካ፥ ወደ ላምባሬኔ ሄዶ ሆስፒታል ያቋቋመው እርሱ ነው። ከመሄዱ በፊት በ1906 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፥ አሮጌውን ኦርጋን አፍርሶ የፋብሪካውን መትከል የዘመኑ ስሕተት መሆኑን ተከራከረ። በስትራስቡርግ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ያለው የ1741 የዮሐን አንድሬያስ ኦርጋን እንዲጠበቅ የደከመ እርሱ ነው። ኦርጋኑ ዛሬም በዚያው አለ።

ስለ ድሬስደን ተናግሬ ልጨርስ። ከተማዋ በየካቲት 1945 በቦምብ ስትቃጠል ባኽ የተጫወተበት የፍራውንኪርኸ ኦርጋን ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ወደመ። ቤተ ክርስቲያኑ ለብዙ ዘመን ፍርስራሽ ሆኖ ቈይቶ በ2005 እንደገና ታንጾ ተባረከ። ያን ጊዜ ጽኑ ክርክር ተነሣ፤ አንዳንዶች የጎትፍሪድ ኦርጋን በቀድሞው መልኩ በትክክል ይሠራ አሉ፤ ሌሎች ለዛሬው አገልግሎት የሚሆን ሰፋ ያለ ይሁን አሉ። የሁለተኞቹ ሐሳብ ጸናና ሥራው ለስትራስቡርጉ ኦርጋን ሠሪ ለዳንኤል ኬርን ተሰጠ። ጎትፍሪድ ሙያውን የተማረባት ከተማ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ለድሬስደን ኦርጋን ሠሪ ላከች ማለት ነው። እኔ የፊተኞቹን ሐሳብ እወድ ነበር፤ ሆኖም አንድ ጊዜ አመድ የሆነውን ዳግመኛ የጎትፍሪድ እጅ ሥራ ማድረግ የሚችል እንደሌለ አልክድም።

በዚያችው ከተማ ግን ሌላ አንድ አለ። ጎትፍሪድ ለካቶሊኩ የቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን የጀመረውን የመጨረሻና ትልቁን ኦርጋን፥ ባለ 47 ረድፉን፥ ሳይፈጽም በነሐሴ 4 ቀን 1753 በድሬስደን ሞተ። ቀድሞ ደቀ መዝሙሩ የነበረው፥ በኋላም ተጣልቶት የነበረው ዛካርያስ ሂልደብራንት በ1755 ፈጸመው። በ1944 ጦርነቱ ሲቀርብ ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ተነቅለው ወደ ቅድስት ማርያም ኮከብ፥ በጀርመንኛ ማሪየንሽተርን ወደሚባለው የሲስተርሲያን መነኮሳይያት ገዳም ተላኩ። በየካቲት 1945 ቤተ ክርስቲያኑና የኦርጋኑ የእንጨት ቤት ተቃጠሉ፤ ቧንቧዎቹ ግን በሴቶቹ ገዳም ነበሩ። ከዚያም ተመልሰው፥ ቤታቸው እንደገና ተሠርቶላቸው፥ በ1971 በቀድሞ ቦታቸው ተሰሙ።